ማንም የማይነክሰው ፖም

በሰፈራችን የጋራ የፍራፍሬ ማሳ ውስጥ ካሉት ዛፎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጥላው የሚሰፋውና ብዙ የሚያፈራው አንድ የብራምሊ ፖም ነው። መሬት ላይ ወድቆ በብዛት የሚበሰብሰውም የእሱ ፍሬ ነው። ኦክቶበር ሲገባ በየዓመቱ የማየው ነገር አይለወጥም። ከልጆቻቸው ጋር ሊለቅሙ የመጡ ሰዎች ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ የሌሎቹ ዛፎች ፍሬ ከእሱ አጠገብ ሲታይ ትንሽ ነው። አንዱን በጥሰው ይገምጣሉ፣ ፊታቸው ይጨማደዳል፣ የተገመጠውን ሣሩ ላይ ጥለው ወደ ቀያዮቹ ዛፎች ይሄዳሉ። ብራምሊ ጥሬውን የሚበላ ፖም አይደለም። እሳትና ስኳር ይፈልጋል፣ ድስት አጠገብ ቆሞ የሚጠብቀው ሰውም ይፈልጋል።

እኔ ለዚህ ዛፍ ልከራከርለት ነው የተነሣሁት። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ብራምሊም የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። የበቀለበት ከተማ፣ የተዘራበት ዓመት፣ የዘራችው ልጅ ስም ሳይቀር ይታወቃል። (ዓመታቱን ሁሉ የማነሣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ አንድ ፖም ይህን ያህል መጻፍ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከሥሩ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚመላለስብኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ አንድ ፍሬ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ከሰው ገበታ ሳይጠፋ የሚቆየው በምን ምክንያት ነው?

መጀመሪያ ስለ ማሳው። መሬቱ የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ነው፤ ዛፎቹን የሚገርዘው፣ ሣሩን የሚያጭደውና በበጋ ችግኞቹን ውኃ የሚያጠጣው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ማንም ገብቶ መልቀም ይችላል፤ ክፍያ የለም፣ የሚቆለፍ በርም የለም። እንዲህ ያሉ የጋራ ማሳዎች በእንግሊዝ እንዲበዙ ትልቅ ድርሻ ያለው ኮመን ግራውንድ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1990 በለንደን ኮቨንት ጋርደን የመጀመሪያውን «የፖም ቀን» ያዘጋጀውም እሱ ነው። ኮቨንት ጋርደን ለዘመናት የከተማዋ የአትክልትና የፍራፍሬ ጅምላ ገበያ ነበር፤ ገበያው በ1974 ከዚያ ተነሥቷል። ድርጅቱን ያሳሰበው ነገር እውነት ነበር። ቅርስና ተፈጥሮን የሚጠብቀው በጎ አድራጎት ድርጅት ናሽናል ትረስት በ2022 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ ከ1900 ገደማ ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ ከነበሩት ነባር የፍራፍሬ ማሳዎች 81 በመቶው ጠፍቷል። ቤት ተሠራባቸው፣ መንገድ አለፈባቸው፣ ወይም ተነቅለው ስንዴ ተዘራባቸው። የእኛም ማሳ ቢሆን ከትልቅ ግቢ የተረፈ ጥግ ነው፤ ከድሮው የቀረው ዛፍም ይኸው ብራምሊ ብቻ ነው። ሌሎቹን የተከልናቸው እኛ ነን።

ግንዱ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ቅርንጫፍ የለውም። ድሮ ከዛፉ ሥር በግና ከብት ይግጥ ስለነበር፣ ቅጠሉ ከአፋቸው እንዲርቅ ተብሎ እንዲህ ነበር የሚያሳድጉት። አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። በስተምሥራቅ ያለው ጎኑ ተቦርቡሮ እጅ እስከ ክርን ያስገባል፤ ውስጡ ያለው እንጨት ቡናማ ዱቄት ሆኗል፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ግን ቅርፊቱ ወፍሮና ድቡልቡል ብሎ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ዛፍ የቆሰለ እንጨቱን መልሶ አያድነውም፤ የተጎዳውን ክፍል ከጤነኛው ለይቶ ያጥረዋል፣ ከዚያም በአዲስ እንጨት ከላይ ይሸፍነዋል። ያንን ጠርዝ በጣቴ ስዳስሰው የብዙ ዓመት ሥራ መሆኑ ይሰማኛል። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ እምቡጡ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ይወጣና ሲፈነዳ ወደ ነጭ ይሳሳል። በዚያ ሰሞን የሌሊት ውርጭ ከመጣ ያበቃል፤ የዓመቱ ፍሬ በአንድ ሌሊት ይቀራል። ውርጩ ከታለፈ ግን ከሦስት ዓመት ሁለቱን ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ ይጎብጣል። ፍሬው ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎኑ ወጣ ገባ የሚል፣ አረንጓዴ ሆኖ ፀሐይ ያየው ወገኑ ላይ ቀይ ዥንጉርጉር የሚወጣበት ነው። አንዱ ብቻ መዳፍ ይሞላል። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ብርዱን ወራት አልፎ እስከ ማርች ይደርሳል፤ ሲቆይ ቆዳው ቅባት የተቀባ ያህል ያብለጨልጫል። ያ የመበላሸት ምልክት አይደለም፣ ፖሙ ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1809 ነው። በኖቲንግሃምሻየር፣ ሳውዝዌል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የምትባል ልጅ የፖም ዘሮች ዘራች። ከበቀሉት አንዱ በቤታቸው ጓሮ አደገ። ልጅቷም አድጋ ቤቱን ትታ ሄደች፤ ዛፉ እዚያው ቀረ። በ1846 ቤቱን ማቲው ብራምሊ የተባለ ሥጋ ሻጭ ገዛው፤ ዛፉም ከቤቱ ጋር የእሱ ሆነ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1856፣ ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ የችግኝ ነጋዴ ልጅ፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ፍሬውን ሰው ይዞት ሲሄድ ያያል። ከየት እንደመጣ ጠይቆ ዛፉ ዘንድ ይደርሳል፤ ብራምሊንም «ቅርንጫፍ ልቁረጥና አባዝቼ ልሽጠው» ብሎ ይጠይቀዋል። ብራምሊ አልከለከለም። ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ፖሙ በእሱ ስም ይጠራ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1862፣ በሜሪዌዘር የሒሳብ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሽያጭ ሰፈረ፦ ሦስት የብራምሊ ፖም፣ በሁለት ሺልንግ፣ ለአፕተን ሆሉ ለሚስተር ጆርጅ ኩፐር። ይህችን መስመር በጣም እወዳታለሁ። ዛሬ በብሪታንያ ለማብሰያ ከሚመረተው ፖም አብዛኛውን ድርሻ የያዘው ዝርያ ወደ ገበያ የወጣው በሦስት ፍሬ ነው። በ1876 ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ የተባለው የአትክልተኞች ማኅበር የፍራፍሬ ኮሚቴ አይቶ አመሰገነው። ባሕር ተሻግሮም በሰሜን አየርላንድ አርማ አውራጃ ሥር ሰደደ፤ እዚያ የሚበቅለው ብራምሊ በ2012 ከአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ ስም ጥበቃ እስከማግኘት ደርሷል።

የስሙ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ዘሩን መሬት ውስጥ የከተተችው ሜሪ አን ነበረች፤ ፖሙ ስም ሲያወጣ ሳታይ ነው ያለፈችው። ስሙ የሄደው በአጋጣሚ ቤቱን ለገዛው ሰው ነው። ቢሆንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ወጣቱ ሜሪዌዘር ነው። ፍሬ አይቶ ያለፈ ሰው ብዙ ነበር፤ ከዛፉ በልቶ ያመሰገነ ጎረቤትም ነበር። ቅርንጫፍ ስጠኝ ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። እሱ ባይጠይቅ ኖሮ ዛፉ በጓሮው አርጅቶ ይሞት ነበር፤ ከእሱም ጋር ብራምሊ የሚባል ነገር በሙሉ ያበቃ ነበር።

ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። የፖም ዘር እናቱን አይመስልም። የፖም አበባ በራሱ ብናኝ እምብዛም አይጸንስም፤ ከሌላ ዝርያ ይፈልጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር የሁለት የተለያዩ ወላጆች ቅልቅል ነው፤ በአንድ ፖም ውስጥ ያሉት ዘሮች እንኳን ወንድማማቾች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም። ከብራምሊ ዘር ተነሥተህ ብራምሊ አታገኝም። ልታገኝ የምትችለው አንድ አዲስ፣ ስም የሌለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለምንም የማይረባ ዛፍ ነው። ከትውልድ ትውልድ አንድን የፖም ዝርያ እንዳለ ማቆየት የሚቻለው በአብዛኛው በግራፍቲንግ ነው፤ ማለትም ከሚፈለገው ዛፍ ጭራሮ ቆርጦ በሌላ የፖም ሥር ላይ መቀጠል። ያ ጭራሮ አዲስ ፍጡር አይደለም። የመጀመሪያው ዛፍ አካል ነው፤ በሌላ እግር ቆሞ ማደጉን ቀጠለ ማለት ነው።

ስለዚህ እኛ ማሳ ውስጥ ያለው ዛፍ ከሥር እስከ መቀጠያው ጠባሳ ድረስ ሌላ ነው፤ ከጠባሳው በላይ ግን ሜሪ አን የዘራችው ዛፍ ራሱ ነው። አርማ ያሉት ብራምሊዎች ሁሉ፣ ኬንት ያሉት ሁሉ፣ በየጓሮው ያለውም ሁሉ እሱው ነው። ይህን መጀመሪያ ስረዳ ግንዱን የማይበት ዓይን ተለወጠ። በመሃል ስንት እጅ እንዳለ ማሰብ ጀመርኩ፤ በየጊዜው አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ፣ ጭራሮ ቆርጦ፣ አስሮ፣ ጠብቆ አሳልፎታል። አንዱ እንኳ ቸል ብሎ ቢሆን ወደዚህኛው ማሳ የሚደርሰው መስመር ይቋረጥ ነበር።

እናቲቱ ዛፍ ዛሬም ሳውዝዌል ትገኛለች። በ1900 በማዕበል ነፋስ ወደቀች፤ ከወደቀው ግንድ ግን አዲስ ቀንበጥ አውጥታ እንደገና ቆመች። በ2002፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ 50ኛ የንግሥና ዓመት ሲከበር፣ ትሪ ካውንስል የተባለው የዛፎች በጎ አድራጎት ድርጅት ከመረጣቸው 50 ታላላቅ የብሪታንያ ዛፎች አንዷ ሆናለች። አሁን የሚንከባከባት የኖቲንግሃም ትሬንት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሆኖም ሃኒ ፈንገስ የተባለው በሽታ ይዟታል፤ መድኃኒት የለውም። በአፈር ውስጥ ጥቁር የጫማ ማሰሪያ የሚመስል ክር እየዘረጋ ከሥር ወደ ሥር ይሻገራል፣ ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ሻጋታ ያነጥፋል፣ በመጸው ወራት የማር ቀለም ያለው እንጉዳይ ያወጣል። ዛፉ ቀስ በቀስ ውኃ መሳብ ያቅተዋል። ሳይንቲስቶች በ1990ዎቹ ከእሷ ሕዋስ ወስደው በቤተ ሙከራ አባዝተዋታል፤ ስለዚህ ብትሞትም ዝርያዋ አይጠፋም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ በእጇ ያኖረችውን ሥር የያዘች ብቸኛዋ ዛፍ እሷ ነች። ያ ሥር ሲሄድ በምንም አይተካም።

ብራምሊ በባሕርዩም ለየት ይላል። አብዛኛው የፖም ዝርያ 34 ክሮሞዞም ሲኖረው እሱ ያለው 51 ነው። በዚህ ምክንያት ቅጠሉ ሰፊ፣ ዛፉ ግዙፍ፣ ፍሬው ትልቅ ነው፤ የአበባው ብናኝ ግን ለሌላ ዛፍ አይጠቅምም ማለት ይቻላል። ከጎረቤት ብናኝ ይቀበላል፣ መልሶ ግን አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ጎረቤት አይበቃውም፤ በእሱ አበባ ወቅት የሚያብቡ ሁለት ሌሎች ዝርያዎች ያስፈልጋሉ፣ አንድም ለእሱ፣ አንድም እርስ በርሳቸው እንዲረዳዱ። እኛ ጋ ያንን ሥራ የሚሠሩት ጄምስ ግሪቭና ዲስከቨሪ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው። በማሳው ውስጥ ምን የት እንደሚተከል ስንነጋገር ሁልጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለብራምሊውስ?» የሚል ነው።

እሱ ራሱ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ የቀረበበት ጊዜም ነበር። ያቀረቡት ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም። ጥላው አዳዲሶቹን ችግኞች ፀሐይ ይነሣቸዋል፤ ግንዱ ባዶ ስለሆነ ቅርንጫፍ ቢወድቅ ልጅ ሊጎዳ ይችላል፤ የወደቀው ፍሬ ተርብ ይሰበስባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬውን የሚወስደው የለም። በእሱ ቦታ ሰው የሚወደውን ሦስት አራት ጣፋጭ ዛፍ መትከል ይቻላል። ሁሉም እውነት ነው። ስብሰባው ላይ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለው ነው የሚያዳምጡት። ያን ቀን ግን እጃቸውን አነሡ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ስኳር በራሽን ነበር» አሉ። «እናቴ ከሳምንቱ ስኳር ቆንጥራ ቆንጥራ ታስቀምጥና እሑድ ለብራምሊ ታወጣዋለች። ሌላ ጣፋጭ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ጣፋጩን ፖም ከሱቅ ታገኙታላችሁ። ይህን የሚያህል ዛፍ ግን ማን ይሸጥላችኋል?»

በብሪታንያ ስኳር በራሽን የነበረው ከ1940 እስከ 1953 ነው፤ ስለዚህ የሚናገሩት ከሰሙት አልነበረም። ዛፉ አልተቆረጠም። አንድ የዛፍ ባለሙያ መጥቶ አየልን፤ ባዶ መሆኑ ብቻውን አደገኛ እንደማያደርገው፣ የዛፍ ጥንካሬ በአብዛኛው ውጨኛው ጤነኛ እንጨት ላይ እንደሆነ አስረዳን። ወደ መንገዱ ያጋደለው ከባድ ቅርንጫፍ አጠረ፣ ሌላው በእንጨት ድጋፍ ተደገፈ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው የምንገርዘው። ያረጀ ብራምሊ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተቆረጠ ይደነግጥና ቀጥ ብለው የሚወጡ ቀጫጭን ቀንበጦች ብቻ ያበዛል፤ ፍሬ አይሰጥም። የበሰበሰውን እንጨት አንነካውም። እንዲህ ባሉ ያረጁ የፍራፍሬ ዛፎች ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ፤ ኖብል ቼፈር የምትባለው ብርቅዬ አረንጓዴ ጥንዚዛ እጯን የምታሳድገው በዚህ ዓይነቱ የበሰበሰ እንጨት ውስጥ ነው።

ግን ዛፉን ከመጋዝ ማዳኑ ጥያቄውን አልመለሰውም። ፍሬው አሁንም እየበሰበሰ ነበር። አንድን ዛፍ ስላረጀ ብቻ ማክበር ለጥቂት ዓመት ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ሰው፣ ሌላ መጋዝ ይመጣል። የሚያስፈልገው ፍሬውን የሚፈልግ ሰው ነው። ሜሪዌዘርም ዛፉን የጠየቀው ታሪካዊ ስለነበረ አልነበረም፤ ፍሬውን ስለፈለገው ነው።

በሚቀጥለው የፖም ቀን የጋዝ ምድጃ፣ ትልቅ ድስትና አንድ ሳጥን ብራምሊ ይዘን ከዛፉ ሥር ቆምን። አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ቆዳውን ልጦ፣ ልቡን አውጥቶ፣ ትልልቅ አድርጎ መቁረጥ። ነጩ ሥጋ በቶሎ ስለሚጠቁር መዘግየት የለም። ድስቱ ውስጥ ከታች እንዳይዝ ያህል ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ማድረግ፣ ከድኖ እሳቱን ቀዝቀዝ ማድረግ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚያ የቁራጮቹ ጠርዝ መስታወት ይመስላል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ስለታም ኮምጣጣ ሆኖ አፍንጫ ይነካል። ክዳኑን ስታነሣው ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ተመታ የእንቁላል ነጭ ነፍቶ ወደ ላይ ይመጣል። ከፖም ሥጋ ሩብ የሚሆነው አየር ነው፤ ሙቀቱ ሕዋሶቹን ያያያዘውን ፔክቲን ሲያላቅቀው አየሩና እንፋሎቱ ነፍተው ይወጣሉ። ጣፋጮቹ ፖሞች ቢቀቀሉ ቅርጻቸውን እንደያዙ ይለሰልሳሉ፤ ብራምሊ ግን ሙሉ ለሙሉ ይፈርሳል። በማንኪያ ሁለቴ ሲማሰል ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ለስላሳ፣ አንድ ጓል የሌለበት ወጥ ይሆናል። ስኳር የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቅቤም ቢጨመር ያምርበታል።

ጣዕሙ ነው ዋናው። ጣፋጭ ፖም ሲቀቀል ስኳሩ ይቀራል እንጂ ሌላው ጣዕሙ ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል፤ የሚቀረው የታመመ ሰው ምግብ ነው። ብራምሊ ፖምን የሚያኮመጥጠው ማሊክ አሲድ ብዙ ስላለው እሳት አልፎበትም ስኳር ገብቶበትም ፖም ፖም ይላል። ጥሬውን የማያስነክሰው ያ ኮምጣጣነት ድስት ውስጥ የሚያኮራው ነገር ነው። እንግሊዞች ከአሳማ ጥብስ ጋር የሚያቀርቡት፣ ፓይ ውስጥ የሚጨምሩት፣ ዱቄትና ቅቤ አሽተው ከላይ በመነስነስ ክራምብል የሚሠሩት ለዚህ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ሙሉውን ማብሰል ነው፦ ልቡን በቢላዋ አውጥቶ ቀዳዳውን በዘቢብና በቡናማ ስኳር መሙላት፣ እንዳይፈነዳ በወገቡ ዙሪያ ቆዳውን በቢላዋ ጫፍ መሸንቆር፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ማስገባት። ሲወጣ ከተሸነቆረው መስመር ላይ ሥጋው አብጦ ይታያል፣ ዘቢቡ በጭማቂው ርሶ ያብረቀርቃል።

ያን ቀን ድስቱ ሦስት ጊዜ ባዶ ሆኖ ተመልሶ ተሞላ። አንድ አባት ጽዋውን ይዞ ወደ ዛፉ ቀና አለና «ይኼ ነው እንዴ ያ ኮምጣጣው?» አለ። ልጁ ሁለተኛ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ግንዱ አጠገብ ትንሽ ሰሌዳ አቆምን፤ ለድስት የሚሆን ፖም መሆኑን፣ እንዴት እንደሚበስልና እንዴት እንደሚቀመጥ በአጭሩ ይናገራል። አሁን ከረጢት ይዘው ቀጥታ ወደ እሱ የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። ተርቡም ቀንሷል፤ የሚረገጥ የበሰበሰ ፍሬም እንደ ድሮው አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ብራምሊ እንደ ዝርያ የመጥፋት አደጋ የለበትም። የሱቅ መደርደሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። የሚያሳስበኝ ከእሱ ጥላ ሥር የጠፉት ናቸው። ብራምሊ ገበያውን ሳይጠቀልል በፊት በየአውራጃው የራሱ የድስት ፖም ነበረ። ካትስሄድ አለ፣ ከጎን ሲያዩት የድመት ጭንቅላት የሚመስል። ዱሜሎውስ ሲድሊንግ አለ። ኖርፎክ ቢፊን የሚባለው ደግሞ ቆዳው ወፍራምና ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪዎች ዳቦአቸውን ካወጡ በኋላ በቀረው የምድጃ ሙቀት ቀስ ብለው አድርቀው፣ ጠፍጥፈው፣ በሣጥን ይሸጡት ነበር። እነዚህ ዛሬ ኬንት ውስጥ ብሮግዴይል በሚገኘው ብሔራዊ የፍራፍሬ ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ፤ እዚያ ከ2,000 በላይ የፖም ዝርያዎች ተተክለዋል። ያ ስብስብ ትልቅ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን በስብስብ ውስጥ ያለ ፖም ተረፈ እንጂ ወደ ወጥ ቤት አልተመለሰም። ለእኔ ደግሞ እነዚህን ፖሞች ወደ ሰው እጅ መመለስ የሚችለው እንደኛ ያለ ትንሽ የጋራ ማሳ ነው፤ ትርፍ አያሳድድም፣ መልካቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን አይጠይቅም፣ የሚያበስላቸው ጎረቤት ቅርብ ነው። ቀጥሎ የምንተክለው የድስት ፖም ኖርፎክ ቢፊን ይሁን ብዬ እየወተወትኩ ነው፤ የሚደግፉኝ እየበዙ ናቸው።

እስከዚያው ግን አሮጌውን ብራምሊ እየቀጠልነው ነው። ጭራሮው የሚቆረጠው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ዛፉ በተኛበት፤ ባለፈው በጋ ያደገውን፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን እንመርጣለን። በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ተጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ማርች ላይ የሥሩ ችግኝ መንቃት ሲጀምር ሁለቱም በሰያፍ ይቆረጣሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ምላስ ይወጣለታል፣ አንዱ ምላስ ሌላው ውስጥ ይገባል። ዋናው ጉዳይ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ቀጭን አረንጓዴ መስመር ናት። የሚያድገው እሷ ብቻ ነች፤ የሁለቱ መስመር ካልተገናኘ የቀረው ሁሉ ቢገጥም ዋጋ የለውም። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ ጫፉን ሰም መቀባት፣ ስም ጽፎ ማንጠልጠል። ሜይ ላይ የጭራሮው እምቡጥ ሲያብጥ የማየው ደስታ ዓመት ዓመት አይቀንስብኝም።

ሁለት ዓይነት ሥር ነው የምንጠቀመው። ኤም 25 ዛፉን እንደ ድሮው ግዙፍ ያደርገዋል፣ ዘጠኝና አሥር ሜትር ቦታ ይፈልጋል፣ ፍሬ ለመስጠትም ይዘገያል። ኤም ኤም 106 መካከለኛ ዛፍ ያወጣል፣ በሦስት በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ ለጓሮ ይሆናል። ከያዙት ችግኞች አንዱን፣ በኤም 25 ላይ ያለውን፣ ከጄምስ ግሪቭና ከዲስከቨሪ መካከል እንተክለዋለን፤ ለማሳው የሚቀር እሱ ነው። የቀሩት በሰፈሩ ላሉ ቤተሰቦች ይሄዳሉ። አንዱን እኒያ ስለ እናታቸው ስኳር የተናገሩት ሴት ጠይቀውናል። ቤታቸው ጓሮ የለም፤ የሚተክሉት የልጅ ልጃቸው ግቢ ነው።

በዚህ ጃንዋሪም እንደገና እንቆርጣለን። በእንግሊዝ የምትኖሩ፣ ጓሮ ወይም የጋራ ማሳ ያላችሁና በአካባቢያችሁ በብራምሊ አበባ ወቅት የሚያብብ ሌላ ፖም ያለ ከሆነ፣ ጭራሮ እንሰጣለን። ዋጋ የለውም፤ መጠየቅ ብቻ ነው።